«አንድ ለመተማመኛ» የሚረጨው መድኃኒት

ይድረስ ለጥጥ እርሻ አስተዳዳሪዎችና ለርጭት ኃላፊዎች

የጥጡ የታችኛው ፍሬ መፈንዳት ጀምሯል። አሳሹ ከተክሉ ጫፍ ላይ ጥቂት ጓይ ትል አግኝቶ ይመለሳል፤ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ አለ፤ ኃላፊውም «አንድ ለመተማመኛ እንርጭ» ይላል። ተክሉ የደረሰበትን ደረጃ ግን የቆጠረ የለም። ይህ አሠራር መቆም አለበት።

ቆጠራው ከባድ አይደለም። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዳበሩት ዘዴ የሚጀምረው ከነጭ አበባ ነው። የጥጥ አበባ ነጭ ሆኖ የሚውለው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ይቀላል። ለግንዱ ቅርብ ከሆነው የመጨረሻ ነጭ አበባ በላይ እስከ ጫፍ ያሉት አንጓዎች ሲቆጠሩ ወደ 5 ከወረዱ፣ ተክሉ ጉልበቱን ያዋለው ከታች ባሉት ፍሬዎች ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያብበው እምብዛም ለለቀማ አይበቃም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሙቀቱ ይደመራል። የዕለቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት አማካይ ተይዞ 15.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀነስለታል። ቀን 34፣ ሌሊት 18 ከሆነ አማካዩ 26 ነው፤ የዕለቱ ድርሻ 10.5 ይሆናል። ድምሩ ወደ 195 ሲደርስ፣ በዚህ ሙቀት በ19ኛው ቀን ማለት ነው፣ የመጨረሻው ጠቃሚ ፍሬ ቆዳ ስለሚጠነክር ገና የተፈለፈለ ጓይ ትል አይበሳውም። ኃላፊውን የሚያስደነግጡት ትሎች የሚበሉት ከጫፍ ያለውን፣ ማንም የማይለቅመውን እሸት ነው።

ለዚያ እሸት ሲባል በሚረጨው መድኃኒት ጢንዚዛውና ተባይ የሚበሉት ሌሎች ነፍሳት ሁሉ ያልቃሉ። ነጭ ዝንብ የሚረባው ያኔ ነው። በሱዳን ገዚራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ርጭቱ በየወቅቱ እየበዛ ሲሄድ ነጭ ዝንብ ዋና ተባይ ሆነ፤ የሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን አጣብቆ ገበያውን አበላሸ። ዲዲቲን ከዳይሜቶኤት ጋር የቀላቀለው ርጭት እ.ኤ.አ. በ1981 ታገደ። ጎረቤት የከፈለበትን ትምህርት እንደገና በራስ ገንዘብ መግዛት ያሳዝናል። በባዶ እጁ ጥጥ የሚለቅመው ሠራተኛም «ለመተማመኛ» በተረጨው መድኃኒት ውስጥ ነው የሚውለው።

አሰሳው ግን አይቋረጥ። የ195ቱ ስሌት ለጓይ ትል እንጂ ለነጭ ዝንብና ለክሽክሽ አይሠራም፤ እነዚህ የሚጎዱት የፈነዳውን ጥጥ ነው፤ ስለዚህ እስከ ለቀማ መታየት አለባቸው።

በርጭት መጠየቂያ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፦ አንጓው 5 የሆነበት ቀን፣ ከዚያ ወዲህ የተደመረው ሙቀት። ሁለቱ ቁጥሮች ያልተሞሉበትን ቅጽ አስተዳዳሪው አይፈርምበት።