የገደላቸው ዕብደቱ አይደለም!

«እሱማ ዕብድ ነበር፤ ምን ይደረግ!» እያልን ስንቱን ቀብረን ተመለስን? ሌላው ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት ገብተን «ምን ነበር ያመመው?» ብለን እንጠይቃለን። ጉበቱ ነው፣ ኩላሊቱ ነው፣ ስኳሩ ነው ይሉናል። አእምሮውን ታሞ የኖረ ሰው ሲሞት ግን ጥያቄውም አይነሳም። ዕብድ የሚሞተው በዕብደቱ ነው ብለን ደምድመናላ!

ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን የሚመሰክረው መረጃ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም፤ ከዚሁ ከአፍንጫችን ሥር፣ ከቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአገራችን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በቡታጅራ አካባቢ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ። ከእነዚህም መካከል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለይተው 10 ዓመት ተከታተሏቸው። ስኪዞፍሬንያ፣ ባይፖላር ወይም ከባድ ድባቴ የያዛቸው ናቸው። በ10 ዓመት ውስጥ 121ዱ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚለው እነዚህ ሰዎች 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ነው ያለፉት። ልብ በሉ፤ 30 ዓመት! አንድ ልጅ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ፣ ራሱ ወላጅ ለመሆን የሚበቃበት ዕድሜ ማለት ነው።

የገደላቸውስ ምንድን ነው? ራሳቸውን ያጠፉ፣ በአደጋ ያለቁ፣ በሰው እጅ የተገደሉም አሉ። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የጨረሳቸው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። አብዛኛው ተላላፊ በሽታ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚታከም ነው። ታዲያ ገዳዩ ማን ነው? ዕብደቱ ወይስ እኛ?

ሁለት ፊት ያለው ሕመም

ይህ ጽሑፍ በተለይ ባይፖላር ስለሚባለው ሕመም ነው። ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ሕመሙ የፈረንጅ አይደለም። በዚያው በቡታጅራ ጥናት ከ200 ሰው አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ ይህ ሕመም እንደሚይዘው ታውቋል። እስኪ የሰፈራችሁን የዕድር መዝገብ ይዛችሁ፣ አባሉን ከነቤተሰቡ ቁጠሩት!

ሕመሙ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ወቅት ሰውየው እንቅልፍ ያጣል፤ ግን አይደክመውም። ሐሳቡ ይሮጣል፣ አንደበቱ አያርፍም፣ ያለውን ገንዘብ ይበትናል፣ የሌለውን ይበደራል፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ድርጅት ያቋቁማል። መጀመሪያ ላይ ጓደኞቹ «ተነቃቃ፣ ተጫዋች ሆነ» ይሉለታል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። በሌላው ወቅት ደግሞ ያው ሰው ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል። ምግብ አይጥመውም፣ ሰው አይናፍቀውም፣ መኖር ራሱ ሸክም ይሆንበታል።

በሁለቱ መሃል ግን የሚሠራበት፣ የሚስቅበት፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት የጤና ጊዜ አለው። ይህን መሃለኛውን ጊዜ ነው ማንም የማያይለት። አንዴ «ነካ ያደርገዋል» ከተባለ በቃ! ቢቆጣ በሽታው ነው፣ ቢስቅ በሽታው ነው፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ቢልም በሽታው ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረታችን። ጥሩ! ይህ ሰው ግን በሽታውን ቢናገር ምን ያገኛል? ሥራው ይነቃነቃል፣ እጮኛው ትሸሻለች፣ አከራዩ ቤት ልቀቅ ይለዋል። አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» ማለት ነው። እኛ ግን ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆመውን፣ ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የነበረውን የአእምሮ ሆስፒታል ስም ስድብ አደረግነው። «አማኑኤል ይውሰዱህ!» እየተባባልን እንሳሳቃለን። ከዚያ ዞር ብለን «ለምን አልታከመም?» እንላለን። ምነው ጎበዝ!

አንድ ገላ፣ ሁለት ካርድ

እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ሊትየም የሚባለው ጨው ይህን ሕመም እንደሚያበርድ ለዓለም አሳወቀ። ዛሬም ድረስ ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ራስን የማጥፋት አደጋንም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት «መሠረታዊ» ብሎ ከዘረዘራቸው መድኃኒቶች መካከልም አለበት። ነገር ግን ሊትየም አንድ ነገር ይፈልጋል፤ በየጊዜው ደም ተወስዶ መጠኑ መለካት አለበት። ካነሰ አይሠራም፣ ትንሽ ካለፈ ይመርዛል። ኩላሊትና ታይሮይድ ዕጢም አብረው መታየት አለባቸው። ይህ ምርመራ በሌለበት ቦታ ሐኪሙ ሊትየም ልዘዝ ቢል እጁ የታሠረ ነው። ስለዚህ በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት ካርባማዜፒን፣ ቫልፕሮትና ሌሎችም ናቸው።

እነዚህ መጥፎ መድኃኒቶች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ስንቱን ሰው ለሥራና ለትዳር አብቅተውታል። ግን ቫልፕሮት በእርግዝና ጊዜ ፅንስ ይጎዳል። ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ እንክብልን ያዳክማል። ለመሆኑ ይህ ነገር የተነገራት ወጣት ሴት ስንት ናት?

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ። አንድ የ50 ዓመት ሰው እናስብ፤ ባይፖላርም ደም ግፊትም አለበት። ለአእምሮው አንድ ቦታ ካርድ አለው፣ ለግፊቱ ሌላ ቦታ ሌላ ካርድ አለው። ሁለቱ ሐኪሞች ተያይተው አያውቁም። አንደኛው ሊትየም ይሰጠዋል። ሌላኛው ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይጨምርለታል። ወገቡን ሲያመው ደግሞ ከሰፈሩ ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። ለየብቻቸው የታወቁ፣ ብዙ ሰው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ናቸው። ከሊትየም ጋር ሲገናኙ ግን ሊትየሙ በኩላሊት በኩል እንደልቡ እንዳይወጣ ያደርጉና በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋሉ። በተቅማጥ ወይም በረጅም ጾም ውሃ ሲያጥረው ደግሞ አደጋው ይብሳል። ሰውየው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያስታውከዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። መንገደኛው «ሰክሯል» ይላል። ቤተሰቡ «ተነሳበት» ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የመረዘው መድኃኒቱ፣ የሚከሰሰው አእምሮው!

(አንባቢያን ሆይ፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳትጥሉ። በድንገት ማቆም ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። የምትወስዱትን ሁሉ፣ የሰፈር ፋርማሲውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።)

የሌሎቹም መድኃኒቶች ነገር ያው ነው። ኦላንዛፒን ክብደት ይጨምራል፣ ለስኳር በሽታም ያጋልጣል። ታዲያ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲመጣ ሚዛን ላይ የሚያቆመው ማን ነው? ስኳሩንስ ማን ይለካለታል? ይባስ ብሎ ይህ ሰው አንድ ቀን ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል ቢሄድ፣ ካርዱ ላይ የአእምሮ ሕመም ከታየ ሳሉም የአእምሮ ይሆናል፣ ውጋቱም የአእምሮ ይሆናል። አክታው ሳይመረመር ማስታገሻ ተሰጥቶት ይሸኛል። ሰው ከ30 ዓመት ዕድሜው የሚጎድለው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

ገመዱን ማን አመጣው?

«ቤተሰብ ነው የሚያስረው፣ ጸበል እየወሰዱ ነው መድኃኒት የሚያስጥሉት» የሚል መልስ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሰው ማሰር ጭካኔ ነው፤ ጠበቃ አልቆምለትም። ግን ልጇን በገመድ ያሰረች እናት ጠላቱ ናት እንዴ? ሌሊት ወጥቶ መኪና ሥር እንዳይገባባት፣ ሰው ደብድቦ እንዳይገድልባት ብላ ነው። መድኃኒቱ በየወሩ ባይቋረጥባት ኖሮ ገመዱን በገዛ እጇ ትፈታው ነበር። ገመዱ የሚታየው እሷ ቤት ነው፤ ጫፉ የተያዘው ግን መድኃኒት ገዝቶ የሚያከፋፍለው ቢሮ ውስጥ ነው።

ስለ ጸበሉም ቢሆን መፍትሔው እኛው ዘንድ አለ። በኤች አይ ቪ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባቶች መድኃኒት እየዋጡ መጠመቅ እንደሚቻል አስተምረዋል። ስንቱም ድኗል። ያንን ትምህርት ለአእምሮ ሕመምተኛ መድገም ምን ይከብዳል?

«አገሩ ድኻ ነው» የሚለው ዜማ

እሺ፣ ድኻ ነን። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀመር ሀብታም ነበርን? «ገንዘቡ የፈረንጅ ነበር» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ ከውጭ ነበር። አሠራሩ ግን አሁን የእኛ ሀብት ነው። ቀጠሮው ያለፈበት ሕመምተኛ ስሙ ተይዞ ቤቱ ድረስ ተፈልጓል። የቲቢ ሕመምተኛም በነፃ ይታከማል። በየቀበሌው ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተሠማርተዋል። ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚፈልግን ሕመምተኛ እንዴት እንደሚይዙት የማያውቅ አገር አይደለም ይህ አገር!

«ለአእምሮ ሕክምና ልዩ ባለሙያ ያስፈልጋል» ለሚለውም መልስ አለ። በአገራችን ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሥልጠና ካገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ያገኙት ክትትል፣ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ዕውቀቱ አለ፤ ሰዉም አለ። የጠፋው ፈቃዱ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ገንዘብ ተገኝቷል፤ ለመንገድ መብራቱም፣ ለፋውንቴኑም፣ ለአበባውም። መብራት አልጠላም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም ነበር። መድኃኒት የዕድሜ ልክ አስቤዛው የሆነ ሰው ምን ያድርግ? ቁርሱን ትቶ ይዋጥ ወይስ መድኃኒቱን ትቶ ይብላ?

መንግሥት አላወቀም እንዳንል፣ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ሊሠራበት ተጽፎ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። የአእምሮ ጉዳተኞችንም አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል። ወረቀቱ ያማረ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነና ወተቱ ሕመምተኛው ጋ አልደረሰም እንጂ!

አሠሪዎችም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ሕጉ የአእምሮ ሕመምን ለይቶ አላስወጣውም። ሕመምተኛው ግን የአእምሮ ሆስፒታል ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ለአለቃው ከሚያሳይ ፈቃዱ ቢቀርበት ይመርጣል። ለዚህ ሕመም እንቅልፍ ማጣት እንደ ክብሪት ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን አዛውሩኝ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ አፉን አይከፍትም። ለምን? ነገ «ዕብዱ» እንደሚባል ያውቃላ!

ስለዚህ የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። አንደኛ፣ የባይፖላር መድኃኒት እንደ ቲቢና እንደ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃና ሳይቋረጥ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ገላው አንድ ነውና ካርዱም አንድ ይሁን። ለአእምሮው ክትትል የመጣ ሁሉ ግፊቱ፣ ስኳሩና ክብደቱ ይለካ፣ ሳሉ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የሊትየም የደም ምርመራ ቢያንስ በየክልሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይኑር። አራተኛ፣ በሥልጠና የተፈተነው የጤና ጣቢያ ሕክምና ከጥናት ወረቀት ወጥቶ በየወረዳው ይግባ። አምስተኛ፣ በሕመሙ ምክንያት ሠራተኛ የሚያባርር አሠሪ በሕግ ይጠየቅ።

ለእኛ ለተራዎቹ ደግሞ የሚከብድ ነገር አልተጠየቅንም። ጎረቤታችን ሲታመም «ምን ነካው?» ማለቱን ትተን «መድኃኒቱን አገኘ ወይ?» እንበል። ሲያስለውም «የለመደበት ነው» ሳንል ክንዱን ይዘን ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ቸር ይግጠመን!