አሮጌው መኪና በኪሎ እንዳይሸጥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማበርን፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና ለሰንበቴ ነጋዴ የኑሮው መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። እሑድ እሑድ በሚቆመው ገበያችን የደጋው እህል፣ የቆላው ማሽላ፣ የአፋር ከብትና ግመል ይገናኛሉ። ከሩቅ የሚመጣውም ሸቀጥ ሆነ ከዚህ የሚሄደው እህል ዛሬ የሚጓጓዘው በመኪና ነው። ይሁን እንጂ ይህን ንግድ ለብዙ ዘመን የተሸከሙት አሮጌ መኪናዎች ራሳቸው ዋጋ ያላቸው ንብረቶች መሆናቸውን ነጋዴው ወገናችን ገና በሚገባ አልተመለከተውም። አንድ አሮጌ መኪና ሥራ ባቆመ ጊዜ ሞተሩ ለብቻ፣ ቸርኬው ለብቻ ይሸጥና የቀረው አካሉ በኪሎ ተመዝኖ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ይህ ልማድ ለባለንብረቱም ለአገርም ኪሳራ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

መኪና በአገራችን የሩቅ ዘመን ታሪክ አለው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠርቶት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ወገን በበረሃ አሻግሮ አዲስ አበባ አገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩበት። በእኛ መንገድ ላይ ግን መኪና በብዛት የታየው በመከራ ጊዜ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲዘምት ከ1,500 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነበር። ጣርማበር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለ ጠበቀው እዚያ ቆሞ ማስጠገን ግድ ሆነበት፤ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚገኘው የጣርማበር ዋሻም የተፈለፈለው በዚያው በወረራው ዘመን ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ወራሪው ሄደ፤ ከፊያትና ከላንቻ ካሚዮኖቹ ከፊሎቹ ግን እዚሁ ቀሩ። ለጦር የመጣው ዕቃ የንግድ አገልጋይ ሆነ። በመለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ላይ በየቀኑ የምንሰማቸው ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ቸርኬና ጎሚስታ የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ ወገን የተወረሱ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላም ፊያት 682 ኤን 3 መጣና በስሙ መጨረሻ «ኤንትሬ» ተብሎ በሕዝቡ አፍ ገባ። ስሙን የማያውቅ ሾፌርም ሆነ የእህል ነጋዴ የለም ማለት ይቻላል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደ ተባለው ሆነና፣ አብሮን የኖረውን ነገር ንቀን በኪሎ እንሸጠዋለን።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር እንዴት እንደሚመለከተው ማወቅ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ በኅዳር ወር ግድም ከሎንደን ወደ ብራይተን የሚደረግ የጥንታዊ አውቶሞቢሎች ጉዞ አለ። ጉዞው የሚታሰበው እ.ኤ.አ. በ1896 መኪናን ያሰረ ሕግ ለተነሣበት ቀን መታሰቢያ ነው። በዚህ ጉዞ የሚሰለፈው እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት የተሠራ መኪና ብቻ ነው፤ አንድ ዓመት ያነሰው እንኳ አይገባም። ስለዚህ የአንድ መኪና ዋጋ በመልኩ ማማር ብቻ ሳይሆን የተሠራበት ዓመት በማስረጃ በመረጋገጡ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1930 የተቋቋመው የእንግሊዝ የጥንታዊ መኪናዎች ማኅበርም የሻንሲና የሞተር ቁጥር መርምሮ የመኪናውን ዕድሜ በምስክር ወረቀት ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ደግሞ ታሪካዊ መኪና ማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በጥንት አሠራሩ ተጠብቆ የተያዘ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከጦርነቱ በፊት የተሠራው ፊያት ባሊላ ወይም ቶፖሊኖ ብቻ ሳይሆን፣ በአገራችን መንገድ የምናየው ቮልስ፣ ፔጆ 404ና ኤንትሬ ጭምር በደንብ ከተያዘ ከታሪካዊ መኪናዎች ይቆጠራል ማለት ነው።

ጉዳዩን ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። ለአስመጪው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ጥንታዊ አውቶሞቢል እንደ ቀድሞው ከውጭ ይተካል የሚባል ዕቃ መሆኑ ቀርቶአል። ምንጩ የደረቀ ዕቃ ዋጋው እንደሚወጣ ደግሞ ለነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም። ቮልስ እንኳ ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቆሞአል። ዛሬ አንድ ሙሉ መኪና የሚቆርጥ ሰው ነገ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ይቆርጣል።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ወገኖች «እህል ጭኖ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ሙዚየም እንዲጠብቅ ልትጠይቁት አይገባም» ይላሉ። አነጋገሩ እውነትነት አለው። አሮጌ መኪና ነዳጅ ይፈጃል፤ ጢሱ ይከብዳል፤ ፍሬኑ የደከመ ካሚዮን ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ጭነት ይዞ ቢወርድ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። እኛም አሮጌው መኪና ጭነት ላይ ይቆይ አላልንም። የምንለው፣ ከሥራ በሚሰናበትበት ቀን ባለንብረቱ ከብረት ማቅለጫው ሌላ ገዥ ይኑረው ነው። ሌላ ገዥ የሚገኘው ግን መኪናው ሙሉ ሆኖ ሲገኝና ወረቀቱ ሳይጠፋ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የንግድ ክፍል የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

የመኪና ባለንብረት የሆነ ሁሉ ሊብሬውን፣ የቀድሞ የጉምሩክ ወረቀቱንና የሻንሲ ቁጥሩን በአንድ ቦታ ይጠብቅ። ቁጥሩ የተፋቀ መኪና ዕድሜውን የሚመሰክርለት የለም።

የመለዋወጫ ነጋዴ በመጋዘኑ ጥግ ለዓመታት የተቀመጠውን፣ ገዥ ያጣውን የአሮጌ ሞዴል ዕቃ ለብረት ሰብሳቢ ከመስጠቱ በፊት ዝርዝሩን ጽፎ ለንግድ ምክር ቤቱ ያስታውቅ። እዚህ ገዥ ያጣ ካንዴላ ወይም ጥርስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልሱን ለሚያድስ ሰው የተፈለገ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ላኪው ነጋዴ አሮጌ መኪና ለውጭ ገዥ አሳልፎ ለመስጠት አይቸኩል። መኪናው አንድ ጊዜ ከተሸጠ ገቢው አንድ ጊዜ ነው፤ ታድሶ እዚህ ከቆየ ግን መካኒኩን፣ ቀጥቃጩን፣ ቀለም ቀቢውንና የሆቴሉን ባለቤት በየዓመቱ ይመግባል።

ምክር ቤቱ በበኩሉ የመንገዱ ጸጥታ በተጠበቀበት ወቅት በዓመት አንድ ጊዜ የጥንታዊ መኪና ወዳጆችን ከአዲስ አበባ ወደ ሰንበቴ ቢጋብዝ መልካም ነው። ቅዳሜ ጣርማበርን ተሻግረው፣ እሑድ በገበያው ቀን ቢደርሱ ገበያውም እንግዳውም ይጠቀማሉ። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ግን በዞኑ ውስጥ የሚገኙ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ያለፈ መኪናዎች ዓይነታቸውና የተሠሩበት ዓመት ተጽፎ አንድ መዝገብ ይከፈት። ይህ ወጪው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢሎች ለጎብኚ ይታያሉ፤ ይህም የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን የአገር የመኪና ታሪክ በቤተ መንግሥት ግቢ ብቻ አይጻፍም። ማሽላና ከብት የተጫነባቸው፣ በሾፌርና በረዳት ላብ የተጠበቁት ካሚዮኖች የነጋዴው የራሱ ታሪክ ናቸው፤ የእነርሱንም ጠባቂ ከነጋዴው ሌላ ማንም አይሆንም። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ሚዛኑ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ሊብሬውን አንድ ጊዜ ገልጣችሁ ዓመተ ምሕረቱን ተመልከቱ።