እኔ፣ ልጄና ቆሮሶዋ

ዛሬ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይዣችሁ ልሂድ። ወሬው የራሴና የልጄ ነው። ረጅም አይደለም፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓሣን የምታውቀው ተጠብሶ፣ በሳህን ላይ ተጋድሞ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ፣ «አባዬ፣ ዓሣ ከውሃ ሲወጣ አይቼ እኮ አላውቅም» አለችኝ። እኔ ሐይቁ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። አፈርኩ። «በሚመጣው ቅዳሜ እንሄዳለን» አልኳት። ከዚያ ወዲያ እስከ ቅዳሜ ድረስ በቀን ሦስት ጊዜ ታስታውሰኝ ጀመር።

ወሩ የካቲት ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቷል። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በዚያ ሰሞን የዓሣ ገበያ ይደራል። እናቷም፣ «እሑድ እንግዳ አለብኝ። ስትመለሱ ሦስት አራት ቆሮሶ ይዛችሁልኝ ኑ» አለችን። እኔም ሳላስብ፣ «እሺ፣ ምን ችግር አለ!» አልኩ። ሰው ዓሣ ሳይዝ ቃል መስጠት እንደሌለበት የገባኝ በኋላ ነው።

ዓርብ ማታ ዕቃችንን አዘጋጀን። ዕቃው ቀላል ነው። ናይለን ክር፣ ሁለት መንጠቆ፣ ክሩን ወደ ታች የምትስብ ትንሽ እርሳስ። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ነገር ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጬ ሠራሁት። ዓሣ መንጠቆውን ሲነካ እሱ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ያኔ ክሩን መሳብ ነው። ልጄ ከጓሮ እርጥብ አፈር ቆፍራ ትል ለቀመች። መጀመሪያ በእንጨት ነበር የምታነሳው፤ በኋላ ግን በእጇ ሆነ። ትሉን ከነአፈሩ በጣሳ አድርገን አሳደርነው።

ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት አሞራ ገደል ደረስን። አሞራ ገደል አጥማጆች ዓሣቸውን የሚያወርዱበት የሐይቁ ዳር ነው። ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። ዓሣው ሲገፈፍና ሲበለት የሚጣለውን ለመብላት አሞራው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ አሞራ እንደ ሽማግሌ አንገቱን ሰብሮ በሰው መካከል ይመላለሳል። ቁመቱ ልጄን ሊያክል ምንም አልቀረውም። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ጀልባቸውን ወደ ውሃው ሲገፉ አገኘሁ። «ጋሼ፣ ልጄ ዓሣ ሲያዝ አይታ አታውቅም። ለመቀመጫችን እንክፈልና ይዘውን ይግቡ» አልኳቸው። ልጄን አዩዋት። «ዝም ብላ ትቀመጣለች?» አሉ። «ዝም ብላ እንኳ አትቀመጥም፤ ግን አትነሳም» አልኩ። ሳቁና አሳፈሩን።

ሐዋሳ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ትንሽ ከሚባሉት ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 22 ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በሐይቁ ስድስት ዓይነት ዓሣ አለ። ለገበያ የሚወጡት ሦስቱ ናቸው፤ እነሱም ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ገበያው የሚፈልገው በተለይ ቆሮሶን ነው።

ጧት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። ነፋሱ የሚነሳው ቀኑ ሲገፋ ስለሆነ አጥማጆች በጧት ሥራቸውን መጨረስ ይወዳሉ። ፊላው አጠገብ ስንደርስ ሽማግሌው መቅዘፋቸውን አቆሙ። «ማታ የዘረጋሁት መረብ ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ እናንተ ሞክሩ፤ እኔ ትንሽ ልረፍ» አሉን። መንጠቆውን ጣልን።

ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ልጄ በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ ዓሣዎቹ ቁርስ በልተው ይሆን?» ትላለች። ከዚያ ያቺ የነጠላ ጫማ ቁራጭ ድንገት ሰመጠች። ክሩ ከእጇ ሊያመልጥ ሲል ያዝኩላት። «አንቺው ሳቢ!» አልኳት። ጥርሷን ነክሳ ሳበች። የወጣው አምባዛ ነበር። ክንዷን የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጢማም። ጀልባው ውስጥ ሲንፈራገጥ ጮኸች፤ የፍርሃት ይሁን የደስታ አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ከወጣ በኋላም ረጅም ጊዜ በሕይወት ይቆያል። እሷም፣ «አሁንም ያየኛል!» ትላለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰው አይበላውም። የልጄ እናትም ከነዚያ አንዷ ናት። ይህን ለልጄ ያን ሰዓት አልነገርኳትም።

ቀጥሎ ሽማግሌው መረባቸውን ማውጣት ጀመሩ። መረቡ ከውሃው በወጣ ቁጥር ዓሣው ጉንጩ ላይ ተይዞ ብልጭ ይላል። አብዛኛው መዳፍ የሚያህል ቆሮሶ ነው። እያላቀቁ ጀልባው ውስጥ ይጥላሉ። ልጄ መቁጠር ጀመረች። አንዷ ግን ከሌሎቹ ከፍ ትላለች። ጉንጯ ያበጠ ይመስላል። ሽማግሌው ከመረቡ ሲያላቅቋት አፏ ተከፈተ። ከአፏ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ነገር እንደ ፍርፋሪ ፈሰሰ። ጀልባው ሥር የተጠራቀመ ጥቂት ውሃ አለ። እዚያ ወደቁና መዋኘት ጀመሩ! እያንዳንዳቸው ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ናቸው፤ ግን ሁለት ሁለት ጥቁር ዓይን አላቸው።

ልጄ ደነገጠች። «አባባ፣ ልጆቿን በላቻቸው እንዴ?» አለች።

«አይ የኔ ልጅ፣ እያሳደገቻቸው ነው» አሏት።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስበላ ይህን አላውቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ቦታ አሸዋውን እየጫረ ክብ ጉድጓድ ያበጃል። ሴቷ እዚያ ትመጣና እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያ እንቁላሉን ሁሉ ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። እንቁላሉ በመቶዎች ሊቆጠር ይችላል። በጥቂት ቀን እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ትንሽ ሲጠነክሩ ወጣ ብለው ይዋኛሉ። አደጋ ሲመጣ እናታቸው አፏን ትከፍታለች፤ ሁሉም ተመልሰው ይገባሉ። ይህ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ እሷ ምንም አትበላም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እንዲህ ያለችው ቆሮሶ መንጠቆ ላይ ብዙ አትገኝም። መረብ ግን ራበኝ፣ ጠገብኩ አይጠይቅም።

ደሞ የጾሙ ገበያ የሚደራው ቆሮሶ እንቁላል በሚጥልበት ሰሞን ነው።

ሽማግሌው መረቡን ዘርግተው አሳዩኝ። የመረቡ ቀዳዳ ዓይን ይባላል። «የኔ መረብ ዓይን አራት ጣቴን ያስገባል። አሁን ሁለት ጣት የማያስገባ ይዞ የሚመጣ አለ። ያ የሚይዘው ገና ያልወለደውን ነው። እኔ የተውኩትን እሱ ይለቅመዋል። ታዲያ እኔ ምን አተረፍኩ?» አሉ። ዓሣ ስለማስገር በ1995 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 315 ነው። አዋጁ መኖሩ መልካም ነው። በጨለማ የሚዘረጋውን መረብ ማን ያየዋል የሚለውን ግን እኔም አልመለስኩላቸውም።

ልጄ ይህን ሁሉ አልሰማችም። እሷ ቆሮሶዋን ነበር የምታየው። ጉንጯ ገና ይንቀሳቀሳል።

«አባባ፣ ይመልሷት።»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ከዚያ ለስለስ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ እኔም ቤት አለኝ። ዛሬ ከያዝኳቸው ጥሩ ዋጋ የምታወጣው እሷ ናት» አሏት። እውነታቸውን ነው። ሌሊት በብርድ የሠራ ሰው ነው። እኛ ለጨዋታ የመጣን ነን።

ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ግዛልኝና እንልቀቃት።»

እኔም በሆዴ ሒሳብ ጀመርኩ። ይቺን ገዝቼ ከለቀቅሁ ለእንግዳው የሚገዛውን በምን እገዛለሁ? ብለቃትስ ነገ ሌላ መረብ ቢይዛትስ? እንዲህ እያልኩ ሳመነታ ልጄ ተንጠራርታ አምባዛዋን በሁለት እጇ አነሳች። ያዳልጣታል፤ ደረቷ ላይ ደግፋ ያዘችው። «በዚህ እንለዋወጥ» አለቻቸው።

በሕይወቷ የያዘችው የመጀመሪያ ዓሣ ነው። ለጓደኞቿ ልታሳየው ስታስብ እንደነበር አውቃለሁ። ለኔ አምባዛው መሄዱ ምንም አልነበረም፤ ቤትም የሚበላው የለም። ለእሷ ግን ያላት እሱ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው አምባዛውን ተቀበሉ። አገላብጠው አዩት። «ሾርባ ለሚሠሩት ይሆናል» አሉና ቆሮሶዋን ሰጧት። አምባዛ ከቆሮሶ ጋር በዋጋ እንደማይተካከል እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ዝም ተባባልን።

ቆሮሶዋን ውሃው ውስጥ አስገብተን ትንሽ ያዝናት። መጀመሪያ ወደ ጎኗ ተጋደመች። ልጄ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ዓሣዋ ጭራዋን አንዴ መታችና ከፊላው ሥር ገባች። ጫጩቶቹ ግን ቀርተዋል። ልጄ የትሉን ጣሳ አጥባ ከጀልባው ሥር ትጨልፍ ጀመር። በጨለፈች ቁጥር ትቆጥራለች። ሽማግሌው ሥራ እንዳላቸው ረስተው ጀልባውን ዘንበል አደረጉላት፤ ውሃው ወደ አንድ ጥግ ተሰበሰበ። ጣሳውን እናቲቱ በገባችበት በኩል ቀስ ብላ ደፋች።

«ያገኟታል አባዬ?»

«ቅርብ ናት» አልኳት። ከዚህ የበለጠ መናገር አልቻልኩም።

አሞራ ገደል ስንመለስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሽማግሌውን ስሰናበት ለመቀመጫችን ከተስማማነው ትንሽ ጨምሬ ሰጠኋቸው። ከገበያው ዓሣ መግዛት እችል ነበር። ተደርድሮ የተሸጠውን አየሁ፤ መዳፍ እንኳ የማያክል ብዙ ነው። እጄ ኪሴ ውስጥ እንዳለ አለፍኩ።

እናቷ በር ላይ ጠበቀችን። «ዓሣዬስ?» አለች። እኔ ምን እንደምል ሳስብ ልጄ ቀደመችኝ። «ይዘን ነበር፤ ግን ልጆች ስላሏት መለስናት» አለቻት። እናቷ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። እሑድ ለእንግዶቹ ሽሮ ቀረበ። ሽሮው ጥሩ ነበር፤ የቆሮሶውን ወሬ ግን ልጄ ለእንግዶቹ በሙሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው።

ማታ ተኝታለች ብዬ መብራቱን ሳጠፋ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ አርባ ሰባት ድረስ በደንብ ቆጥሬያቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የተምታቱብኝ።»