የእጅ ጽሕፈትዎ እንዴት ከርሟል?

አንባቢ ሆይ፤ ይህን መጽሔት ለጥቂት ደቂቃ ያኑሩትና አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያምጡ፤ ለእናትዎ ወይም ለአጎትዎ አንድ ገጽ የሚሞላ ደብዳቤ በእጅዎ ይጻፉ። አራተኛው መሥመር ላይ ጣትዎ ከደከመ፥ ሰባተኛው ላይ ደግሞ «ፀሐይ» የሚለው ቃል በየትኛው «ፀ» እንደሚጻፍ ከተጠራጠሩ፥ እንኳን ደስ ያለዎት፤ እርስዎም የዘመኑ ሰው ነዎት።

በቀድሞው ጊዜ ጽሕፈት የከበረ ሙያ ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆና አስምሮ፥ የመቃ ብርዑን ቀርጾ፥ ጥቁሩን ቀለም ለነገሩ፥ ቀዩን ቀለም ለቅዱሳኑ ስም አዘጋጅቶ፥ አንዷን ሆሄ ከሌላይቱ ሳያስነካ ያቆማት ነበር። የኛ ፊደል እንደ ፈረንጁ ተያይዞ አይሮጥም፤ እያንዳንዱ በእግሩ ይቆማል። ስለዚህ ፈጥኖ ለሚጽፍ ሰው ያስቸግራል፤ ለሚያነብ ሰው ግን እንደርሱ የሚመች የለም።

ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና መጣ፤ ጭንቁም አብሮ መጣ። 33ቱን ሆሄያት በ7 ቢያበዙአቸው 231 ይሆናሉ፤ እነ «ቋ» እና እነ «ኳ»፥ ዲቃሎቹ፥ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። የፈረንጅ መኪና ግን ቁልፎቹ ከ50 አይበልጡም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢሸከም እንኳ መቶ አይሞላም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ተነሡ። ዘዴው ሆሄውን ከነቅጥያው በአንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ ግንዱን ለብቻ፥ እግሩን ወይም ቀለበቱን ለብቻ እየመቱ ማጋጠም ነው። በዚህ ዓይነት አንድ ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል። በኋላ ኦሊቬቲ የሠራቸው የአማርኛ መኪናዎች በየመሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዘመን ሲንጣጡ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። በእነርሱ የተጻፈ ደብዳቤ በእጅዎ ካለ ልብ ብለው ይመልከቱት፤ የ«ቤ» ቀለበት ከግንዱ ተለይታ፥ እንደ ተጣላች ምራት ራቅ ብላ ቆማለች።

በዚያን ጊዜ ብዙ የተማሩ ሰዎች «መኪናው ካልቻለ ፊደሉ ይጠር፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሞክሼዎቹ ይውጡ» ብለው ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ዳሩ ግን በበኩሌ እግሩን ጫማው ልክ ስለሚያስቆርጥ ሰው የሚነገረውን ያስታውሰኛል። ደግሞም ሞክሼዎቹ ሁሉ ጌጥ ብቻ አይደሉም። በግእዝ በንጉሡ «ሠ» የተጻፈው «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ለማለት ሲሆን፥ በእሳቱ «ሰ» የተጻፈው «ሰረቀ» ግን ሌባውን የሚመለከት ነው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። ጃፓኖች ከኛ የባሰ አለባቸው። ኪዮታ ሱጊሞቶ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1915 የፈለሰፈው የጃፓንኛ የጽሕፈት መኪና 2,400 ያህል ምልክቶች ነበሩት፤ ጸሐፊዋ ከገበታው ላይ አንድ በአንድ እየፈለገች ትለቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የቶሺባ ኩባንያ ሌላ መላ አመጣ። ጸሐፊው ድምፁን ብቻ ይመታል፤ መኪናው ራሱ በዚያ ድምፅ የሚጠሩትን ምልክቶች ያቀርብለታል፤ እርሱም ይመርጣል። ዛሬ ጃፓናዊው በስልኩ የሚጽፈው በዚሁ መንገድ ነው። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው ዝርዝር ለዕለት ጽሕፈት የሚያስፈልጉ ምልክቶች 2,136 ናቸው፤ ተምሮ ያደገው ሰው ሁሉንም አይቶ ያውቃቸዋል፤ እስክሪብቶ ሲይዝ ግን እጁ ይከዳዋል። ዓይን ያስታውሳል፥ እጅ ረስቷል። በሁለት ሺህ ምልክት ለተሸከመ ሰው ይቅርታ ይገባዋል። እኛ ግን በሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ወደ አገራችን እንመለስ። ኮምፒዩተር ሲመጣ በአሜሪካ አገር ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፥ እነ ዶክተር አበራ ሞላና እነ አቶ ፍስሐ አጥላው፥ በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ፊደላችንን በመኪናው ውስጥ ለማስገባት ከደከሙት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው። ከእነርሱ በኋላም ብዙዎች ተነሡ። የሚያሳዝነው፥ እያንዳንዱ ባለሙያ ሆሄያቱን በራሱ ቁጥር አስቀመጣቸው። በአንዱ መሥሪያ ቤት «ክቡር ሆይ» ተብሎ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው መሥሪያ ቤት ሲከፈት የአጋንንት መጥሪያ ይመስል ነበር። ከዚህ መዓት ያወጣን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው 3ኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶች መደበ፤ ለእያንዳንዱም የማይለወጥ የራሱን ቁጥር ሰጠው። ሞክሼዎቹ፥ ዲቃሎቹ፥ እነ ፩ና ፪ ሳይቀሩ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ «ኒያላ» የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ መጣ። ፊደሉ ይቆረጥ ይሉ የነበሩት ሰዎች መኪናው እስኪያድግ ድረስ አለመታገሣቸው እንጂ ሌላ ጥፋት አልነበረባቸውም።

እንግዲህ መኪናው ችሏል። አሁን የቀረው ሰውዬው ነው።

ስልኩ አማርኛ እያወቀ፥ ባለስልኩ ግን አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ስንት አለ! ልማዱ የመጣው በመጀመሪያዎቹ የእጅ ስልኮች ጊዜ ነው፤ የእጅ ስልክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 በአዲስ አበባ ሲጀመር የኛን ፊደል የሚያውቅ ስልክ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግድ ነበር። ዛሬ ግድ አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ሸጎሌ ውስጥ፥ ከአውቶቡስ ዴፖው ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ አሉ። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በዚያው ባገኙት ንባብ እስከ ዛሬ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፥ የውሃና የመብራት ሒሳባቸውን ያያሉ። ላቲን ግን አልተማሩም። ልጃቸው የሚኒባስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ማታ መልእክት ላከላቸው፤ በላቲን ፊደል። የጎረቤት ልጅ ጠርተው አስነበቡ። ልጁም «ሰው መታ፤ ዛሬ አልመጣም ይላል» አላቸው። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን እንኳ በወጉ ሳያጣፉ ከቤት ወጡ። ስልክ ተደውሎ የልጃቸውን ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ የሆኑትን ሆነው ቆዩ። ለካስ ነገሩ «ሰው መጣ፤ ዛሬ አልመጣም» ኖሯል፤ እንግዳ መጥቶበት ነው!

ላቲን ለ«ተ»ም ለ«ጠ»ም ያለው አንድ ፊደል ነው። «መታ» እና «መጣ» በእርሱ ዘንድ አንድ ናቸው። «ቸ» እና «ጨ»ም እንዲሁ፤ «ፐ» እና «ጰ»ም እንዲሁ። እርግጥ የኛም ፊደል ጉድለት የለበትም አይባልም፤ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይምና «አለ» ስንል ተናገረ ለማለት ይሁን ኖረ ለማለት ከነገሩ አካሄድ እንረዳለን። ነገር ግን ባለው ጉድለት ላይ ሌላ ጉድለት መግዛት ምን ይባላል?

«በአማርኛ ብጽፍ ሒሳቡ ይበዛብኛል» የሚሉም አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ እንየው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ይይዛል፤ በኛ ፊደል ግን 70 ብቻ። ሲሰሙት ከግማሽ በላይ የተዘረፉ ይመስላል። ይሁን እንጂ የኛ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ገላ የያዘ ነው። «እንደምን አደራችሁ» ለማለት እኛ ከነክፍተቱ 11 ስንጠቀም፥ በላቲን 18 ያስፈልጋል። በዚህ ሒሳብ 70ው የኛ ሆሄ 115 ያህል የላቲን ፊደል ይተካል ማለት ነው፤ ጉዳቱ ከግማሽ በላይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። በቴሌግራም ለሚጽፍ ሰውማ በፊደል ቁጥር የሚቆረጥ ሒሳብ ጭራሽ የለም።

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወደሚብሰው፥ ወደ ስም ጉዳይ ልምጣ። ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ ሲወጡ በመንገዱ ዳር ጽሕፈትና ኮፒ የሚሠሩ ቤቶች ያገኛሉ። ማመልከቻ፥ ውል፥ የሥራ ልምድ የሚጻፈው እዚያ ነው። ከአንዱ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገቡና ስማቸውን ተናገሩ። ጸሐፊዋም ወጣት ናት፤ «አባባ፥ በየትኛው ሀ ነው?» ብላ ጠየቀች። «በብዙኃኑ ነው እንጂ ልጄ!» አሏት። ብዙኃኑ የትኛው እንደ ሆነ አላወቀችም። ሃሌታው «ሀ»፥ ሐመሩ «ሐ»፥ ብዙኃኑ «ኀ» መባላቸውን ማንም አልነገራትም፤ ስልኩ በፊተኛው ረድፍ ያቀረበላትን ስትጽፍ ነው ያደገችው።

ይህ የጨዋታ ነገር አይደለም። «ኃይለ ሥላሴ» የሚባል ሰው እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በ6 ዓይነት ሆሄ ሊጻፍ ይችላል፤ «ሥ» በ2፥ «ሴ» በ2። ሲባዛ 24 ይሆናል፤ ሁለቱ ቃል ተጣብቀውና ተለያይተው መጻፋቸው ሲታሰብ 48። የቀድሞው መዝገብ ቤት ሹም «ኃይለ»ንም «ሀይለ»ንም ሲያይ ያው ሰውዬው መሆኑን ያውቅ ነበር። ኮምፒዩተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ የ«ሀ»ና የ«ኃ» ቁጥር ደግሞ ለየብቻ ነው። ስለዚህ በመታወቂያው አንድ ዓይነት፥ በባንክ ደብተሩ ሌላ ዓይነት፥ በቤቱ ካርታ ሦስተኛ ዓይነት የተጻፈ ሰው መስኮት ላይ ሲቆም «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» ይባላል። ያ ሽማግሌ የመጡትም ለዚሁ ነበር፤ አንድ መሥሪያ ቤት ስማቸውን በመዝገቡ አጥቶት፥ ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑ ይረጋገጥልኝ የሚል ማመልከቻ ለማስጻፍ። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት በአንዲት ሆሄ ምክንያት የኔ ነው ብሎ ማስረዳት ቀላል ነገር አይምሰልዎ።

መድኃኒቱን ከፊደሉ ላይ መፈለግ አያስፈልግም። ፕሮግራሙን የሚሠራው ባለሙያ በፍለጋ ጊዜ ብቻ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማዘዝ ይችላል፤ የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይኖራል። ይህ ከባድ ጥበብ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቶቻችን ዕቃውን ሲያዝዙ መጠየቅ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ያሉዎትን ወረቀቶች አውጥተው ስምዎን ከአንዱ ወደ አንዱ ያስተያዩ። ልዩነት ካገኙ፥ ልጅ ለማስመዝገብ ወይም ቤት ለመሸጥ ከሚቸኩሉበት ቀን በፊት ያስተካክሉት።

የሸጎሌዪቱ ጸሐፊ በበኩሏ አንድ ዘዴ አበጅታለች። ከሽማግሌው በኋላ ባንኮኒው ላይ አንድ ባለመሥመር ደብተርና በክር የታሰረ እስክሪብቶ አኑራለች። ደንበኛው ሁሉ አስቀድሞ ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ እርስዋም ሆሄ በሆሄ እያየች ወደ መኪናው ታስገባለች። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ደብተሩ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር።