ልጅዎ ኤልደን ሪንግ ይጫወታል?

ውድ የደባርቅና የዳባት ወላጆች፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የወጣው ይህ የጃፓን ጌም በጣም ከባድ ነው። ተጫዋቹ ደጋግሞ ይሞታል፤ ስህተቱን አይቶ እንደገና ይሞክራል። እንደ ሊማሊሞ ዳገት ትዕግስትን ያስተምራል። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው።

ድክመቱስ? ደምና አስፈሪ ምስል አለበት፤ በአውሮፓ የተመደበውም ከ16 ዓመት ጀምሮ ላሉት ነው። እንደ ሌሎች ጌሞች በአንድ ቁልፍ ለጊዜው ማቆምም አይቻልም፤ ልጁ «አንዴ ብቻ» እያለ እንቅልፉን ያጣል።

በእኔ እምነት ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም። ለትልልቆቹ የማቆሚያ ሰዓት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ጌሙ የደረሱበትን ራሱ ስለሚመዘግብ፣ በሰዓቱ ቢወጡ ብዙ አያጡም።

ልጅዎ በጨዋታው ምክንያት እንቅልፍና ትምህርት እየተወ ከሄደ አይቆጡት፤ ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ይምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን ከህመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።