«ብርድ ነው» ማለት ይብቃን

በጄኔቭ የሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ በዙሪክ ቢሮ የሚያጸዱ ወገኖቻችን ብሽሽታቸውን ሲወጋቸው «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው» እያሉ ቅባት አሽተው ሥራ ይገባሉ። ይህ ልማድ ይብቃ እንላለን።

ሕመሙ ሁልጊዜ ብርድ አይደለምና። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ድቡልቡል ሆኖ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። ራሱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ካበጠ፣ ወይም የጎድጓዳው ጠርዝ ከልክ በላይ ከወጣ፣ ጭን ወደ ሆድ በታጠፈ ቁጥር ሁለቱ ይጋጫሉ። በመካከላቸው ያለው ለስላሳ አጥንት ይቆነጠጣል፤ ከዓመታት በኋላም መገጣጠሚያው ያለ ጊዜው ሊያረጅ ይችላል። ቡና ለማፍላት በርጩማ ላይ ስንቀመጥ፣ ቁጢጥ ብለን ወለል ስንወለውል፣ መኪና ስንገባ የሚወጋን ለዚህ ሊሆን ይችላል።

የሚያስቆጨው ዕውቀቱ ከደጃችን መሆኑ ነው። ፕሮፌሰር ራይንሆልድ ጋንዝና ባልደረቦቻቸው ይህ ግጭት ዳሌን እንደሚያስረጅ በ2003 እ.ኤ.አ. ጽፈው ያስረዱት እዚሁ በርን ሆነው ነው፤ ከዙሪክ በባቡር አንድ ሰዓት፣ ከጄኔቭ ሁለት ሰዓት ያህል።

ታዲያ ለምን ሐኪም ዘንድ አንሄድም? አንዱ ምክንያት ኪስ ነው። የወር ክፍያው እንዲቀልልን 2500 ፍራንክ ፍራንሺዝ እንመርጣለን፤ ያን ያህል ከኪሳችን ሳናወጣ ኢንሹራንሱ ስለማይከፍል ሕመሙን ችለን እንቀመጣለን። ሕመም የጀመረው ሰው ሒሳቡን እንደገና ይሥራ፤ ዝቅተኛው 300 ፍራንክ ነው። ለመጪው ዓመት ለማስቀነስ ደብዳቤው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ኢንሹራንሱ እጅ መድረስ አለበት።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ማለትም ቢላዋ ማለት አይደለም። ራጅ ላይ እብጠቱ ታይቶባቸው ምንም የማያማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ራጁን ብቻ ሳይሆን ሕመሙንና የእግሩን እንቅስቃሴም ያያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከፍ ባለ ወንበር በመቀመጥ፣ ቁጢጥ ማለትን በመቀነስና የመቀመጫንና የሆድን ጡንቻ በፊዚዮቴራፒ በማጠንከር ነው። አንድ የሐኪም ትእዛዝ እስከ 9 ጊዜ ያስኬዳል። ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ይህ ሳይረዳ ሲቀር ነው።

ፈረንሳይኛው ወይም ጀርመንኛው የከበደውን ቋንቋ የሚችል ወገን አብሮት ይሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ የሚያነክስ ወገን ስናይ «አይዞህ» ብለን ከማለፍ ቀጠሮ እናስይዝለት።