ለዐይን የሚነገር ቃል

በጎጃም አድባራትና ገዳማት ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ጻድቃንና ሰማዕታት ሁለቱም ዐይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ሰይጣናትና ኃጥአን ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዐይን ብቻ መሣላቸውን ያስተውላል፤ ይህም ፊደል ያልቈጠረው ምእመን፣ ተርጓሚ ሳያሻው፣ ደጉን ከክፉው ለይቶ እንዲያውቅ በሥርዓት የተወሰነ ነው። ጆሮ ብቻውን የማይዘልቀውን ትምህርት ለዐይን ማካፈል እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣልን ጥበብ አይደለም።

ይህን ማንሣቴ ኦቲዝም ስላለባቸውና ልዩ ድጋፍ ስለሚያሻቸው ሕፃናት ለመናገር ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚህ ልጆች ጽፎ ካስታወቀ በኋላ፣ በምዕራቡ ዓለም ያሉ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የእናትን ፍቅር ማነስ ሲወቅሱ ኖረው፣ ኋላ ስሕተት መሆኑ ታውቋል፤ በእኛም አገር የእናት ኃጢአት ነው፣ እርግማን ነው እየተባለ የሚነገረው እንደዚያው መሠረት የሌለው ነው። ያንን የወላጆች ወቀሳ አጥብቆ የተቃወመው ኤሪክ ሾፕለር፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ቲች የተባለውን የመንግሥት ፕሮግራም ሲያቋቁም፣ ወላጆችን የሥራው ተባባሪዎች አደረጋቸው፤ የልጁንም ውሎ በሚታይ ምልክት አደራጀ። ምክንያቱም ቃል ከአፍ እንደ ወጣ ያልፋል፣ ሥዕል ግን ልጁ ተመልሶ እስኪያየው ይጠብቀዋል።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት እናት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለውንም የማስተማሪያ ዘዴ አበጁ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከተለ። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የሠሩት ከፍ ያለ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ሆኖም ከፍኖተ ሰላም እንኳ አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃልና፣ በጎጃም በፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ ያለ ገበሬ ገብሱንና ድንቹን ጥሎ፣ ልጁን ይዞ ወደዚያ ይመላለስ ዘንድ አይቻለውም። ማዕከል እስኪሠራለት ይጠብቅ ቢባልም ልጁ ሳይጠብቅ ያድጋል።

ስለዚህ ሥራው ከቤት ይጀመር እላለሁ። የሳሙና ካርቶን በመዳፍ ልክ ይቈረጣል፤ በአንዱ ላይ ጣሳና ውሃ፣ በሁለተኛው የተቀቀለ ድንች፣ በሦስተኛው ደብተር፣ በአራተኛው የቤቱ በር በእስክርቢቶ ይሣላል፤ አራቱም ልጁ ቆሞ በሚያያቸው ከፍታ ከግድግዳው በተራ ይሰቀላሉ። ፊቱን ታጥቦ ሲጨርስ የፊተኛውን ራሱ አውርዶ ከሥር ባለች ከረጢት ይከታል፤ ያን ጊዜ ያለፈውንና የሚመጣውን ማንም ሳይጮኽበት ያውቃል። ሥዕልን ከነገሩ ጋር ገና ላላዛመደ ልጅ ደግሞ ዕቃው ራሱ ይቀድማል፤ ኩባያው ሲሰጠው የመጠጣት፣ ጋቢው ሲሰጠው ከቤት የመውጣት ሰዓት መሆኑን ይለምዳል። ማንበብ የማትችል እናት ከተማረችው እኩል የምትሠራው፣ አያትና ታላቅ እኅትም የሚያግዟት ነገር ነው።

ነገር ግን አንድ ብርቱ ሕግ አለው፤ ሥዕሉ መዋሸት የለበትም። ዳቦ ተሥሎ ዳቦ ከቀረ፣ ወይም ወደ አያት ቤት ነው ተብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ለመርፌ ከተወሰደ፣ ልጁ ከዚያ ወዲያ ካርቶኑን የሚያምንበት ምክንያት አይኖረውም። መርፌ ካለ መርፌው ይሣል። በጥምቀት ዕለት ከበሮው፣ እልልታው፣ የሕዝቡም ግፊያ ሳያስበው ሲወርድበት ጆሮውን ይዞ የሚጮኸውን ልጅ፣ ክፉ መንፈስ ያዘው ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ በዋዜማው ከበሮውን፣ ጥላውን፣ የሚረጨውን ውሃ፣ በመጨረሻም ወደ ቤት መመለሱን በሥዕል አሳይተነው እንደ ሆነ እንጠይቅ። ጠበል የሚወስዱትን ወላጆች አልነቅፍም፤ ቀዝቃዛው ውሃ በድንገት እንዳይፈስበት ግን አስቀድሞ በሥዕል ይታየው።

ብዙ ወላጅ ልጄ ሥዕል ከለመደ አፉን አይፈታም ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱ ከፍቅር የመነጨ ነውና አይናቅም። ዳሩ ግን አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል ለሰው አንሥቶ በመስጠት የሚጠይቅበትን ዘዴ ከጀመሩ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች፣ ሥዕል ንግግርን እንደማያግድ፣ አንዳንዱንም ልጅ ወደ ንግግር እንደሚያደርስ አሳይተዋል።

በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቆዩበት በዚህ ዘመን፣ የለመደው ውሎ በድንገት የፈረሰበት እንዲህ ያለ ልጅ ከማንም ይልቅ ተጨንቋል፤ መምህሩ ባይኖር እንኳ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን የሥዕል ዘዴ ለእናቶች ሊያሳዩ ይችላሉ። የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም፣ ከኢንተርኔት የተገለበጠ የሹካና የቢላዋ፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ የቢጫ አውቶቡስ ሥዕል እንዳያባዙ እለምናለሁ፤ የገጠሩ ልጅ አያውቃቸውም። በየደብሩ ያሉት ሠዓልያን ተጠርተው ምጣዱን፣ ጀሪካኑን፣ ምንጩን፣ ጋቢውን፣ የገበያውን መንገድ ይሣሉ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሥዕሉ ለታላላቆች መታዘዝን ብቻ የሚያስተምር እንዳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ከሚሰጠው ሥዕል አንዱ «አልፈልግም» የሚል ይሁን፤ ልጁም ባነሣው ጊዜ ሰሚ ያግኝ።